ሳክስፎን ሲሸልል

በእኛ አገር፣ ከደጀን ተነሥቶ ቢቸናንና ደብረ ወርቅን አቋርጦ ሞጣ በሚደርሰው መንገድ ግራና ቀኝ፣ ሙዚቀኛ የሚመዘነው በጋዜጣ አይደለም። አዝማሪው ማሲንቆውን አንግቶ ሲገባ ፈራጁ ከፊት ለፊቱ ተቀምጦ ይጠብቀዋል። «ተቀበል!» ብሎ ግጥም የሚወረውርለት፣ ጨዋታው ልቡን ሲነካው ብሩን በግንባሩ ላይ የሚለጥፍለት፣ ያልጣመው እንደ ሆነም ፊቱን ወደ ጎረቤቱ አዙሮ የጤፍና የኑግ ዋጋ የሚያወራበት ያው አድማጩ ነው። ፍርዱ እዚያው ይሰጣል፤ ቅጣቱም እዚያው ይፈጸማል፤ ይግባኝ የለውም።

ቅኔ ቤቱም ከዚህ የተለየ አይደለም። ለቢቸና ቅርብ በሆነው በዲማ ጊዮርጊስ፣ ወይም በሌላው የጎጃም ጉባኤ ቤት፣ ተማሪው ቀኑን ሙሉ ሲቆጥር የዋለውን ቅኔ በጓደኞቹ መካከል ሆኖ ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩ ያቀናል፣ ያርማል፣ አንዳንዴም በአንዲት ቃል ያፈርሰዋል። በበዓል ቀን በቤተ ክርስቲያን የተዘረፈው ቅኔ ያማረ እንደ ሆነ ሊቃውንቱ «ይበል! ይበል!» ይላሉ፤ ያላማረ እንደ ሆነ ዝም ይላሉ፤ ያ ዝምታ ከዱላ ይከፋል። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ መልሶ የሚያመጣም ሰው ያፍራል እንጂ አይከበርም። ቅኔ «ይዘረፋል» ማለታችንንና ፎካሪውም «ዘራፍ!» ብሎ መነሣቱን አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ወደዚሁ እመለስበታለሁ።

ፈረንጆቹ ጃዝ የሚሉትም ሙዚቃ በጠባዩ ከዚህ አይርቅም። ነፊው በመድረክ ላይ ቆሞ ያልተጻፈውን ከልቡ እያወጣ ይነፋል፤ ትናንት የነፋውን ቃል በቃል ቢደግመው የሙያ ባልደረቦቹ ይታዘቡታል። ልዩነቱ ፍርዱ የሚሰጥበት ቦታ ነው። እዚያ ፍርዱ በማግሥቱ በጋዜጣ ይወጣል፤ ፈራጁም ሃያሲ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1959 ኦርኔት ኮልማን የተባለው ሳክስፎን ነፊ ከጥሩምባ ነፊው ከዶን ቼሪ ጋር በኒው ዮርክ ፋይቭ ስፖት በሚባለው መጠጥ ቤት በተጫወተ ጊዜ አገሩ ለሁለት ተከፈለ። አንዳንዱ አዲስ ዘመን መጣ አለ፤ ሌላው ይህ ሰው ያታልላል እንጂ አይጫወትም አለ። በጥሩምባው ስመ ጥር የነበረው ሮይ ኤልድሪጅ ካላመኑት ወገን ነበር። አንድ ሙዚቀኛ በአንድ ምሽት እንዲህ ባለ ፍርድ ሊነሣም ሊወድቅም ይችላል።

እኔ ግን ዛሬ ለመጻፍ የተነሣሁት ስለ አንድ የአገራችን ሰው ነው፤ እርሳቸውም በሁለቱም ችሎት ፊት ስለ ቆሙ። ስማቸው አቶ ጌታቸው መኩሪያ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የእርሳቸውንና የሙዚቃውን ዘመን የምቆጥረው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ሸክላዎቹም ጉዞዎቹም በዚያው ስለ ተመዘገቡ። የእኛን ስጽፍ «ዓ.ም.» እላለሁ።)

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት የነሐስ መሣሪያ ወደ አገራችን እንዴት እንደ ገባ ማስታወስ ይገባል። የገባው በሰልፈኛ እጅ ነው። ከዐድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ኒኮላስ 2ኛ ለዐፄ ምኒልክ የማርሽ መሣሪያ በስጦታ ላኩ። በ1924 ደግሞ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌምን በጎበኙ ጊዜ በእልቂቱ ወላጆቻቸውን ያጡ አርባ የአርመን ልጆች ማርሽ ሲነፉ ሰምተው ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው፤ አርባ ልጆች የሚባሉት እነዚህ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ከ1930 ጀምሮ ሲዘመር የቆየውን የሕዝብ መዝሙር ዜማ ደረሱ። ቃሉን የጻፉት ግን የእኛው አገር ሰው፣ የደብረ ኤልያሱ ዮፍታሔ ንጉሤ ነበሩ። ቃሉ ከጎጃም፣ ነፋሱ ከአርመን ማለት ነው፤ እኔ ይህን ባሰብሁ ቁጥር ደስ ይለኛል።

ታዲያ ከእነዚህ የነሐስ መሣሪያዎች ሁሉ ጥሩምባ ቀድሞ የአገር ሰው ሆነ፤ ግን ሹመቱም አብሮ ተሰጠው። በጦር ሠፈር መነሣትና መተኛትን ይናገራል። በከተማው ደግሞ ዕድር ቀጠረው። በቢቸና ጎሕ ሲቀድ ጥሩምባ የሰማ ሰው «ማን ሞተ?» ብሎ ከአልጋው ይነሣል እንጂ «ማን ተጫወተ?» ብሎ አይጠይቅም። በዚህ ዐይነት ጥሩምባ በጆሯችን ውስጥ መርዶ ነጋሪ ሆኖ ቀረ። በየኦርኬስትራው ጥሩ ጥሩ ጥሩምባ ነፊዎች አልታጡም፤ ሙላቱ አስታጥቄም በወጣትነታቸው በዌልስ ትምህርት ቤት ሳሉ ጥሩምባ ጀምረው ነበር፤ ስማቸው የተጠራው ግን በቫይብራፎን ነው። ሳክስፎን የመጣው ኋላ ነው፤ ሲመጣም ሹመት አላገኘም፤ ሰልፍ አያዝበትም፣ ለቅሶ አይጠራበትም። ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ድምፅ ስለ ነበረ ፉከራ የያዘው እርሱን ነው ብዬ አምናለሁ። ይህ የእኔ አስተያየት ነው፤ የሙዚቃ ሊቃውንት ሌላ ምክንያት ቢያመጡ አልጣላቸውም።

አቶ ጌታቸው በ1935 በይፋት ተወለዱ። ልጅ ሳሉ የያዙት ክራርና ማሲንቆ ነበር። በ1949፣ ገና በዐሥራ አራት ዓመታቸው፣ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ገብተው ክላሪኔትና ሳክስፎን መንፋት ያዙ። በ1955 ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትያትር ቤት ኦርኬስትራ ተዛወሩ፤ የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ብዙ ሙዚቀኛ ያሠለጠኑበት ቤት ነው። በ1965 ደግሞ የፖሊስ ኦርኬስትራ ባልደረባ ሆኑ። እንግዲህ የሥራ ታሪካቸው ከማዘጋጃ ቤት ወደ ትያትር ቤት፣ ከትያትር ቤት ወደ ፖሊስ የሚሄድ፣ ደመወዝ የሚቆረጥለት፣ የደንብ ልብስ የሚለበስበት የመንግሥት ሠራተኛ ታሪክ ነው። ስለ ጃዝ ነፊዎች ስናነብ ዕዳና ስካር ይበዛበታል፤ የእኚህ ግን የፔሮል ነው። ፈጠራ ከመጠጥ ቤት ብቻ ይወጣል ለሚሉ መልስ ይሆናል።

ከዚሁ የደንብ ልብስ ውስጥ ነው እንግዲህ ያ ነገር የወጣው። ሽለላን፣ ማለት ዘማች ወደ ጦርነት ሲነሣ ወኔ ለመቀስቀስ የሚዜመውን፣ ያለ ቃል በሳክስፎን ይነፉት ጀመር። ይህን የጀመሩት በሃምሳዎቹ ዓመታት ውስጥ እንደ ሆነ ይነገራል። በ1970 ፊሊፕስ የተባለው የሸክላ ኩባንያ «የኢትዮጵያ ሳክስ ንጉሥ» በሚል ስም ሙሉ ሸክላ አወጣላቸው። በመድረክ ላይ ሲወጡም ብዙ ጊዜ የአንበሳ ጎፈር ደፍተው፣ እንደ ዱሮ ጀግና ቆዳ ለብሰው ነበር። ይህን የትያትር ጌጥ ብቻ አድርጎ የሚያይ አለ። እኔ ግን የምለው ፎካሪ ያለ ልብሱ አይፎክርም ነው።

በከተማ ያደገ አንባቢ እንዳይምታታበት ልዩነቱን በአጭሩ ልናገር። ቀረርቶ ረዘም ብሎ፣ ድምፅ እየተሳበ የሚዜም ነው፤ ብቻውን በመንገድ የሚሄድም ሰው ያንጎራጉረዋል። ሽለላ ሰው ለማነሣሣት ነው። ፉከራ ግን ዜማ አይደለም፤ ንግግር ነው። ሰውየው «ዘራፍ!» ብሎ ይነሣል፤ በትሩን ወይም ጠመንጃውን ያነሣል፤ ከወዲያ ወዲህ እየተንጎራደደ የአባቱን ስም፣ የራሱን ሥራ፣ የዋለበትን ቦታ ይቆጥራል፤ ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል፤ ከጎን ያለው «በለው! ጎሽ!» ይለዋል። በእኛ አገር በላይ ዘለቀ ከጣልያን ጋር አምስት ዓመት የተዋጋበት ምድር ስለ ሆነ ሚያዝያ 27 ቀን ሲመጣ በቢቸና አደባባይ የፉከራው ብዛት ሌላ ነበር። እኔ በልጅነቴ ሰምቻለሁ። የሚፎክሩት ሰዎች ጥርስ የሌላቸው፣ ቀሚሳቸው የነተበ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ «ዘራፍ!» ሲሉ ግን እኛ ልጆች ወደ እናቶቻችን ቀሚስ እንሸሽ ነበር።

አሁን ወደ ኮንሰርቱ ልምጣ። በጥር ወር 2004 ከአሜሪካ፣ ከቦስተን ከተማ፣ ኢዘር ኦርኬስትራ የተባለ የጃዝ ጓድ አዲስ አበባ መጣ። መሪው ረስ ገርሾን ይባላል። ዱክ ኤሊንግተን በ1973 ከነኦርኬስትራው መጥቶ ከሄደ ወዲህ እንዲህ ያለ ትልቅ የአሜሪካ ባንድ በአገራችን ሲጫወት የመጀመሪያው ነው ተብሎለታል። ጓዱ የእኛን የዱሮ ዜማዎች አጥንቶ ነው የመጣው፤ እነ ሙላቱ አስታጥቄን፣ እነ ባህታ ገብረ ሕይወትን፣ አቶ ጌታቸውንም በእንግድነት ጠራ። የዚያ ምሽት ጨዋታ ተቀርጾ በሚቀጥለው ዓመት «ኢትዮፒክስ» በሚባለው ተከታታይ ሥራ 20ኛ ሆኖ ወጣ። አቶ ጌታቸው ያን ጊዜ ዕድሜያቸው 68 ነበር።

ቅጂውን ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። የአሜሪካኖቹ ጓድ የተማረ ነው፤ ነፋሱ የጠራ፣ አገባቡ የተለካ ነው፤ እያንዳንዱ ነፊ መቼ እንደሚነሣና መቼ እንደሚያርፍ ያውቃል። ሽማግሌው ሲገቡ ግን ልኩ ይፈርሳል። በሚዛን ላይ አይነፉም። አንድ ሐረግ ይወረውራሉ፣ ያቆማሉ፣ ትንፋሽ ይወስዳሉ፣ እንደገና ከፍ አድርገው ይወረውራሉ፤ የሐረጉ መጨረሻ ሲደርስ ድምፁ እንደ ሰው ጉሮሮ ይርገበገባል። ጓዱ ይጠብቃቸዋል። በእኔ ፍርድ ከዚያ ሁሉ ሙዚቃ ውስጥ ትልቁ ነገር ይኸው የጓዱ መጠበቅ ነው፤ ብዙ ባንድ እንግዳ ጋብዞ እንግዳውን ይዞ ይሮጣል።

ከዚያ ወዲህ ለአቶ ጌታቸው በሰባ ዓመታቸው ዋዜማ አዲስ ሥራ ተከፈተላቸው። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ዘ ኤክስ የተባሉት የሆላንድ ሙዚቀኞች 25ኛ ዓመታቸውን ሲያከብሩ ወደ አምስተርዳም ጋበዟቸው። እነዚህ ሰዎች ፓንክ የሚባለውን፣ ጊታር እንደ ወፍጮ የሚያስጮህ ሙዚቃ የሚጫወቱ ናቸው። በዕድሜ የገፉት የፖሊስ ኦርኬስትራ ሰው ከዚህ ጫጫታ ይሸሻሉ ተብሎ ይጠበቅ ይሆናል። እርሳቸው ግን እናንተ አጅቡኝ አሏቸው። በ2006 «ሞአ አንበሳ» የተባለውን ሥራ አብረው ቀረጹ፤ በአውሮፓና በአሜሪካ ብዙ መድረክ ላይ ወጡ፤ በ2008 በኒው ዮርክ ሊንከን ሴንተር ግቢ በሰፊ ሕዝብ ፊት ነፉ። እኔ ምርጫቸው አያስደንቀኝም። ፎካሪ የሚፈልገው ለስላሳ አጃቢ ሳይሆን «በለው!» የሚለውን ሰው ነው፤ የሆላንዶቹ ጊታር ደግሞ ከዚያ በቀር ሌላ ቃል አያውቅም።

የውጭ አገር ሃያስያን ምን አሉ? በጣም አመሰገኑ፤ ይህ አይካድም። ግን አብዛኛው ምስጋና በንጽጽር የመጣ ነው። ድምፃቸውን ለመግለጽ የፈለገ ሁሉ ወይ ኦርኔት ኮልማንን ወይ አልበርት አይለርን ይጠራል። አይለር በ1936 የተወለደ፣ በ1962 የመጀመሪያ ሸክላውን የቀረጸ፣ በ1970 በሠላሳ አራት ዓመቱ የሞተ አሜሪካዊ ሳክስፎን ነፊ ነው፤ እንደ ለቅሶ በሚርገበገብ ታላቅ ድምፁ የታወቀ ነው። ንጽጽሩን ለማወቅ ብዬ የአይለርን ሥራ አግኝቼ ሰማሁት። እውነትም ይመሳሰላሉ፤ ያ የሐረግ መጨረሻ መንቀጥቀጥ ቁርጥ እርሱ ነው። ነገር ግን አቶ ጌታቸው ከአይለር በአንድ ዓመት ይበልጣሉ፤ መንገዳቸውንም ያገኙት ከኒው ዮርክ ሳይሆን ከዘማች ጉሮሮ ነው። ሃያስያኑ ራሳቸው ይህን አልካዱም፤ ብዙዎቹ ሳይሰሙት የደረሱበት ነው ብለው አድንቀዋል። እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። አንድ የቢቸና ሰው ያንኑ ሸክላ ቢሰማ ማንን ይጠራ ነበር? ያኛው ችሎት እስካሁን ቃሉን አልሰጠም ነበር።

ስለዚህ በ2010 ዓ.ም. በጥር ወር ለዘመድ ሠርግ ወደ አገሬ ስሄድ የ1970ውን ሸክላና የ2004ቱን ኮንሰርት በእጅ ስልኬ ላይ ጭኜ፣ ትንሽ የድምፅ ማጉያም ገዝቼ ሄድሁ። መጀመሪያ የደረስሁት ሞጣ፣ ፊደል ካስቆጠሩኝ ከየኔታ ቤት ነው። የኔታ የቅኔ ሰው ናቸው፤ ዓይናቸው ደክሟል፤ ጆሯቸው ግን እንደ ጎረምሳ ነው። አባታቸው በአርበኝነቱ ዘመን የዘመቱ ናቸው።

«ምንድነው ያመጣህብኝ?» አሉኝ።

«ሽለላ ነው፣ የኔታ። በሳክስፎን የተነፋ።»

«እኔ ቄስ ነኝ፤ ዘፈን ይዘህብኝ መጣህ?»

«ዘፈን አይደለም። ይስሙትና ይፍረዱ።»

«ፍረዱ» ማለቴን ወደዱት መሰለኝ፤ ጋቢያቸውን ሰብስበው ጆሯቸውን ወደ ማጉያው አዘነበሉ። መጀመሪያ ሸክላውን አሰማኋቸው። እስኪያልቅ ድረስ ቃል አልተናገሩም። ኮንሰርቱንም ደግሜ አሰማኋቸው። ጭብጨባው ሲመጣ እጃቸውን አንሥተው «ዝጋው» አሉኝ፤ ጭብጨባውን ነው እንጂ ጨዋታውን እንዳልጠሉ ኋላ ገባኝ።

«አገባቡ ጥሩ ነው» አሉ። «ትንፋሹን ያውቅበታል። የሚያርፍበት ላይ ያርፋል። ግን ቃሉ የታለ?»

«ቃል የለውም፣ የኔታ።»

«እንግዲያው ፉከራ አይደለም። ፉከራ ምስክርነት ነው። እኔ እገሌ፣ የእገሌ ልጅ፣ በዚህ ቦታ ይህን አደረግሁ ይላል። ያላደረገ ሰው ተነሥቶ የፎከረ እንደ ሆነ ከሕዝቡ መካከል አንዱ ‹ዋሸህ! ያን ቀን የት ነበርህ?› ብሎ ያስቀምጠዋል። ይኸ የምታሰማኝ ሰው ምን አደረገ? ማንን ገደለ? ማንስ ያስቀምጠዋል?»

አንባቢ ሆይ፣ በአውሮፓና በአሜሪካ ስለ አቶ ጌታቸው ከተጻፈው ያነበብሁትን ሁሉ አስታወስሁ፤ ይህን የሚያህል ጥያቄ የጠየቀ አላገኘሁበትም። እዚያ ያሉት ድምፁን ጠየቁ፤ እኚህ ሽማግሌ መብቱን ጠየቁ። በሰው ፊት ቆሞ እንዲህ ያለ ድምፅ ለማውጣት ማን ፈቀደለት ማለታቸው ነው።

እኔም ያሰብሁትን ተናገርሁ። «የኔታ፣ በቃል የመፎከር መብት የነበራቸው ሰዎች አልቀዋል። አባትዎም አርፈዋል። ዛሬ ሚያዝያ 27 ቀን ተነሥቶ ‹ገደልሁ› የሚል ሁሉ የአያቱን ሥራ የሚቆጥር ነው። ይህ ነፊ ግን ገደልሁ አላለም። የፉከራውን ትንፋሽ ብቻ ነው የያዘው። ያለ ቃል ስለሆነ አልዋሸም። እንዲያውም ለእኛ ዘመን የቀረው ትክክለኛ ፉከራ ይህ አይመስልዎትም?»

የኔታ ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ሲጠይቁኝ «ሰውየው በሕይወት አለ?» አሉ።

«አይ፤ በመጋቢት 2008 ዓ.ም. አርፈዋል።»

«ነፍሱን ይማር።» ደግሞ ጥቂት ቆዩና «እንግዲያው ለዚህ ነው የሚያለቅሰው» አሉኝ። «መጨረሻው ላይ ድምፁ ሲንቀጠቀጥ ሰምተኸዋል? ያ የቁጣ መንቀጥቀጥ አይደለም። አባቴም ሲፎክር መጨረሻው ላይ እንደዚያ ይሆን ነበር። ከሰዎቹ ጋር የሞቱትን ወንድሞቹን ስም ሲደርስ ነው። ቃሉ ስለሚሸፍነው ሕዝቡ አያውቅበትም፤ እኛ ልጆቹ እናውቅበታለን። ይኸ ሰው ቃሉን ሲያነሣው ለቅሶው ብቻውን ቀረ።»

ይህን የሰማሁት የፈረንጅ ስም ጠርተው ከማያውቁ ሰው ነው። የኒው ዮርኮቹ ደግሞ ስለ አይለር የጻፉት ስለዚያው ለቅሶ ነው። ሁለቱ ችሎቶች ሳይተዋወቁ አንድ ነገር ሰሙ። ልዩነታቸው የኔታ የሟቾቹንም ስም ማወቃቸው ነው፤ ጠቅሰውልኛል፤ እዚህ የሚጻፍ ግን አይደለም።

ስነሣ ማጉያውን ጥዬላቸው እንድሄድ አልጠየቁኝም። «ጥሩ ነው፤ ደግመህ ግን አታሰማኝ» ነው ያሉኝ። የቅኔ መምህር ፍርድ እንደዚህ ነው፤ አንድ ጊዜ የሰማውን ሁለተኛ አይፈልግም።

በማግሥቱ ለሠርጉ ወደ ቢቸና ወረድሁ። ከኔታ ቤት የወጣ ሰው በአንድ ጊዜ የሠርግ ድንኳን ውስጥ ሲገባ ጆሮው ይደነግጣል። በድንኳኑ ዳር ሃያ ዓመት የማይሞላው ልጅ ከኪቦርዱ ኋላ ተቀምጧል፤ ሁለት ትልልቅ ማጉያዎች በግራና በቀኝ ቆመዋል። ሳክስፎን የያዘ ሰው አላየሁም። ልጁ ሲያርፍ ጠጋ ብዬ ጠየቅሁት።

«ሳክስፎን ውድ ነው፣ ጋሼ፤ ነፊውም ከባሕር ዳር ነው የሚመጣው» አለኝ። «ግን እዚህ ውስጥ አለ።» አንዲት ቁልፍ ተጫነና በኪቦርዱ ሳክስ አንድ ሁለት ሐረግ አሰማኝ። የአቶ ጌታቸውን ስም ነገርሁት፤ «ሰምቻቸዋለሁ» አለኝ፤ ስልኩንም አውጥቶ አሳየኝ። እንዲያውም ያችን የሐረግ መጨረሻ ለማስመሰል በግራ እጁ በኩል ያለችውን መዘውር እያሽከረከረ ብዙ ጊዜ ሞክሮ ነበር። «አትመጣም» አለኝ። «ትንቀጠቀጣለች፤ ግን እንደ በረዶት ሰው ነው የምትንቀጠቀጠው።» እንዲህ ያለ ጥሩ ሂስ ብዙ ጊዜ በጽሑፍ አላጋጠመኝም። አደነቅሁት።

ወደ ማታ ሚዜዎቹ ሽለላ ጠየቁ። ልጁ የሳክሱን ቁልፍ ተጫነና ጀመረ። ወጣቶቹ በየተራ «ዘራፍ!» እያሉ ተነሡ፤ የሚፎክሩበት ግን የመኪናና የገንዘብ ነገር ነበረ፤ አንዱማ ስለ አዲስ ስልኩ ፎከረ። የኔታ ቢኖሩ «ዋሸህ!» ብለው ያስቀምጡት ነበር ብዬ በልቤ ሳቅሁ፤ የስልኩ ነገር ግን እውነት ነው፤ በእጁ ይዞታል።

ከዚያ ከሙሽራው ወገን አንድ ሽማግሌ ከተቀመጡበት ተነሡ። በትራቸውን ይዘው ወደ መካከል ገቡ። ልጁ ማንም ሳያዘው የኪቦርዱን ድምፅ ዝቅ አደረገው፤ ሊጠፋ ምንም ያህል አልቀረውም። ሽማግሌው አንድ እግራቸውን አስቀድመው «ዘራፍ!» አሉ፤ የአባታቸውን ስም ጠሩ፤ የአባታቸውን ፈረስ ስም ጠሩ። ድንኳኑ ጸጥ አለ። ጥቂት ስንኝ እንደ ተናገሩ ትንፋሽ አጠራቸውና ቆሙ። ልጁ ያችን ክፍት ቦታ አግኝቶ በሳክሱ ሊሞላት አንድ ሐረግ ጣል አደረገ። ሽማግሌው ዘወር አሉ፤ በትራቸውን ወደ ኪቦርዱ ቀሰሩ፤

«ቆይ እንጂ አንተ ልጅ! አልጨረስሁም!» አሉት።